ነጣ ያለው ጠላ፤ የቀለሙና የጣዕሙ ታሪክ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ማንኩሳ፣ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» አማካይነት ስሟ በአንባቢ ሁሉ ዘንድ ታውቋል። በማንኩሳና በዙሪያዋ ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር ለሠርግ፣ ለማኅበር፣ ለተዝካርና ለደቦ የሚጠመቀው ጠላ ግን እምብዛም ታሪክ አልተጻፈለትም። ስለ ቢራ ታሪክ ሲነገርም ወሬው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከፋብሪካ ነው። በዚህ የተነሣ ነጣ ያለ፣ የጠለለና ጣፋጭነቱ ያለቀ መጠጥ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ጠላ ግን በተፈጥሮው ጥቁርና ድፍርስ የሆነ የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 1770 በዚያው በጎጃም ወደሚገኘው የግሽ ዓባይ ምንጭ የደረሰው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ የአገሩን መጠጥ አሠራር ገልጦ ነበር። ደኅና አድርጎ የተጠበሰው እንጀራ ተቆራርሶ ከትልቅ ማሰሮ እንደሚገባ፣ ሞቅ ያለ ውኃ እንደሚፈስበት፣ ለጥቂት ቀናት እየተማሰለ አፉ ተከድኖ እንደሚቆይ፣ ከዚያም ሦስት አራት ቀን ሲረጋ ኮምጠጥ እንደሚል ጽፏል። ሁለት ነገሮች በዚህ ገለጻ ውስጥ ጎልተው ይታያሉ፤ አንደኛው እሳት፣ ሁለተኛው ጊዜ ነው። የጠላ ቀለም የመጀመሪያው፣ የጠላ ጣዕም ደግሞ የሁለተኛው ልጅ ነው።

ዛሬም ቢሆን የሥራው ቅደም ተከተል የታወቀ ነው። ጋኑ ወይም እንስራው በግራዋ ቅጠል ታጥቦ በወይራ ወይም በጥንጅት ይታጠናል። የተወቀጠ ጌሾ በውኃ ተነክሮ ሲቆይ ጥንስሱ ይሆናል። በዚህ ላይ ብቅልና የተቆራረሰ ቂጣ ይጨመርበታል፤ ቀጥሎም ከተቆላ እህል ዱቄት የተዘጋጀው እንኩሮ ይገባና ድፍድፍ ይሆናል። በመጨረሻም ውኃ ይሞላበትና አፉ ተመርጎ ይቀመጣል። እህሉ እንደየአገሩ ገብስ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ ማሽላ ወይም ጤፍ ሊሆን ይችላል። ጠማቂዋ አሻሮውን ጠቆር እስኪል ከቆላችው፣ ቂጣውንም እስኪያር ካቆየችው ጠላው ይጠቁራል፤ እሳቱን ካለዘበች ግን ነጣ ይላል። እንግዲህ ንጣቱ የአጋጣሚ ውጤት ሳይሆን በምጣዱ አጠገብ የሚወሰን ነው።

ጣፋጭነቱ የሚጠፋበትም ምክንያት እንዲሁ ግልጽ ነው። ምጣድ ላይ የተቆላ እህል ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጥ ኃይል አይቀርለትም፤ ይህን ሥራ የሚያከናውነው ብቅሉ ነው። ስኳሩን ደግሞ እርሾው ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል፤ ከእርሾው ጎን የሚሠሩት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ኮምጣጣነቱን ይሰጡታል። በቂ ቀናት ሳያገኝ የተቀዳው ለጋ ጠላ ስኳሩ ስላላለቀ ይጣፍጣል፤ ቀኑን ጠብቆ የበሰለው ግን ይከራል። ከተራው ጠላ ያነሰ ውኃ ገብቶበት በጨርቅ የተጠለለውና በተለምዶ «ፊልተር» የሚባለው የአልኮል መጠኑ ብዙ ጊዜ በመቶ ከ5 እስከ 6 ሲሆን፣ ተራው ጠላ በመቶ ከ2 እስከ 4 ባለው ውስጥ ይገኛል።

በአውሮፓም ቢሆን ነጣ ያለ ቢራ የተገኘው እሳትን በመግራት ነው። ብቅል በእንጨት እሳት በሚደርቅበት ዘመን ቢራው ጠቆር ያለና ጭስ ጭስ የሚል ነበር። እሳቱ ለስላሳና ጭስ አልባ እየሆነ ሲሄድ ብቅሉም ነጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1842 በቦሄምያ፣ በፒልዘን ከተማ ዮዜፍ ግሮል የጠመቀው ወርቃማ ቢራ ከዚያ በኋላ ለዓለም ፋብሪካዎች መለኪያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1922 የተቋቋመው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ይህንኑ ዓይነት ቢራ በአዲስ አበባ አስለመደ። እ.ኤ.አ. በ1984 የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር ደግሞ የአገሩ ገብስ በፋብሪካ ተበቅሎ ለቢራ መዋል ቻለ። የጎጃሟ ጠማቂ በምጣድ፣ የፒልዘኑ ጠማቂ በማድረቂያ ምድጃ የፈቱት ችግር በመሠረቱ አንድ ነው።

ልዩነቱ ያለው ከመራራው ቅመም ላይ ነው። ቢራ በሆፕ፣ ጠላ በጌሾ ይመርራል። ብርሃኑ አበጋዝና ተስፋዬ ከበደ እ.ኤ.አ. በ1995 በኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር መጽሔት ባወጡት ጥናት ከጌሾ ቅጠል መራራውን ንጥረ ነገር ለይተው «ጌሾይዲን» ብለውታል። በመሆኑም ነጣ ያለ ጠላ የሚቀምስ ባለሙያ በሆፕ ሽታ ሊመዝነው አይገባም። መጀመሪያ ጥራቱንና ቀለሙን፣ ቀጥሎ የዕጣኑን ሽታ፣ ከዚያም የጌሾውን ምሬት፣ በመጨረሻም ከዋጠ በኋላ ምላስ ላይ የሚቀረው ጣፋጭነት ነው ወይስ ኮምጣጣነት የሚለውን በየተራ መመርመር ይገባዋል።

ይህ ምርመራ ለጨዋታ ያህል የሚደረግ አይደለም። በከተሞች የሸክላው ጋን በፕላስቲክ በርሜል እየተተካ ነው፤ ሸክላው በገላው ይዞ ለመጠጡ ያካፍለው የነበረውን የወይራ ጭስ ፕላስቲክ አይዝም። አሻሮው ምን ያህል እንደሚቆላ፣ ጥንስሱ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ጋኑ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቁት ሴቶች እውቀታቸውን ከእናት ወደ ልጅ በእጅና በምላስ እንጂ በጽሑፍ አላስተላለፉም። ፋብሪካ እያንዳንዱን ጥምቀት በመዝገብ ይይዛል፤ የጋኑ መዝገብ ግን የጠማቂዋ ትዝታ ብቻ ነው፤ ልጅቱ ሙያውን ሳትወርስ ከቀረች አብሮ ይቀበራል። የእህልን፣ የእርሾንና የመጠጥን ነገር ሙያቸው ያደረጉ ሁሉ ከላቦራቶሪው መለኪያ ጎን የምጣዱን ቀለም፣ የቀኑን ቁጥርና የጠማቂዋን ፍርድ በአንድ ገጽ ቢያሰፍሩ፣ ለአገሪቱ የመጠጥ ታሪክ እስካሁን የጎደለውን ምዕራፍ ይጽፋሉ።

በአገሩ ልማድ ጠላ የሚቀዳው ሰው ለእንግዳው ከማቅረቡ በፊት ከመዳፉ ላይ ጥቂት ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ልማዱ መጠጡ ደኅና ለመሆኑ ዋስትና ነው፤ ቀማሹ በስሙ ይመሰክራልና። ባለሙያውም ስለ ጠላ ከመፍረዱ በፊት እንዲሁ ቀምሶ፣ የቀመሰውንም ጽፎ መመስከር ይጠበቅበታል።