ከሙቀጠም ግርጌ

ካይሮን ያየ ሰው ሙቀጠምን ሳያይ አይመለስም። ከከተማዋ በስተምሥራቅ የተጋደመ፣ የተራቆተ የኖራ ድንጋይ ተራራ ነው። ሰላሑዲን አል-አዩቢ በ572 ዓመተ ሂጅራ (በ1176 እ.ኤ.አ.) ታላቁን ምሽግ ማሠራት የጀመሩት ከዚሁ ተራራ በወጣ ጉብታ ላይ ነበር። በ204 ሂጅራ ወደ አኺራ የሄዱት ኢማሙ ሻፊዒይም (ረሒመሁላህ) ቀብራቸው ከግርጌው ባለው ሰፊ የመቃብር ስፍራ ይገኛል።

ተራራው ለዘመናት የካይሮ ድንጋይ ማውጫ ሆኖ ኖሯል። ሲፈለጥ የኖረው ጎኑም በብዙ ቦታ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ቀረ። ከዚያም በሃያኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ከገጠር እንጀራ ፍለጋ የመጣው ድኻ፣ ከተማው ውስጥ የሚከራየው ቤት ቢያጣ፣ ከገደሉ ሥርና ከገደሉ አፋፍ ላይ ጎጆውን ቀለሰ። መንሺየት ናስርና ዱወይቃ የተባሉት ሰፈሮች የበቀሉት እንዲህ ነው።

አደጋውን ያመጣው ታዲያ ድንጋዩ ብቻ አይደለም። የኖራ ድንጋዩ የተቀመጠው በሸክላ አፈር ንብርብር ላይ ነው፤ ይህ አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይላላል። ብዙዎቹ ቤቶች ደግሞ የፍሳሽ መስመር የላቸውም። የእቃ ማጠቢያው፣ የልብስ ማጠቢያው፣ የመጸዳጃው ውኃ ሁሉ የሚሰርገው ወደዚያው አለት ስንጥቅ ነው። ድኻ እጁን በታጠበ ቁጥር ከራሱ በላይ ያለው ድንጋይ ይላላል ማለት ነው! የአዲስ አበባውን ቆሼ መናድ (መጋቢት 2009 ዓ.ም.) ያየ የአገራችን ሰው፣ ሰው ለምን እንዲህ ካለ ቦታ ይኖራል ብሎ አይጠይቅም።

በ1986 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር መንሺየት ናስር ውስጥ ገደል ተንዶ ሰው ፈጅቶ ነበር። ማስጠንቀቂያ ከተባለ ከዚህ በላይ ምን ይምጣ?

ጳጉሜ 1 ቀን 2000 ዓ.ም. (ሴፕቴምበር 6 ቀን 2008 እ.ኤ.አ.)፣ የ1429 ረመዳን በገባ በስድስተኛው ቀን፣ ሱሑር በልቶ፣ ፈጅር ሰግዶ የተኛው ገና ሳይነሳ፣ የዱወይቃ ገደል ተገምሶ ቤቶቹ ላይ ወረደ። መንገዱ ጠባብ ስለነበር ከባድ መኪና ቶሎ መግባት አልቻለም። ጎረቤት ጎረቤቱን በእጁ ቆፈረ። 119 ሰዎች ሞቱ።

በፍርስራሽ ሥር የሞተ ሙስሊም ከሸሂዶች እንደሚቆጠር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። አላህ ይቀበላቸው። ዳሩ ግን «ቀደር ነው» ብሎ ነገሩን መዝጋት የኪታቡን እኩሌታ ቀርቶ እኩሌታውን መተው ነው። የሐነፊያ ሊቃውንት ወደ መንገድ ስለ ዘመመ ግድግዳ ሲናገሩ፣ ባለቤቱ አፍርስ ተብሎ ከተነገረውና ማፍረስ እየቻለ ከተወው፣ ግድግዳው ወድቆ ሰው ቢገድል ካሳ ይጠየቃል ብለዋል። ሳይነገረው ቢወድቅ ግን ፍርዱ ሌላ ነው። ነገሩ ያለው ከመነገሩ ላይ ነው። የዱወይቃ ነዋሪዎች ደግሞ ስለ ስንጥቁ አስቀድመን ተናግረን ነበር ብለዋል።

በ2010 እ.ኤ.አ. አንድ የካይሮ ፍርድ ቤት የከተማዋን ምክትል ገዥ ጨምሮ በርካታ ባለሥልጣኖችን በቸልተኝነት ጥፋተኛ ናችሁ አለ። በይግባኝ ግን ውሳኔው ለዘብ አለ። ከተረፉት ብዙዎቹ አፓርታማ አገኙ። ሌሎቹ ሥራቸውን ካይሮ ትተው ከከተማዋ ርቆ ወዳለው ስድስተኛው ኦክቶበር ከተማ ተወሰዱ፤ ምንም ሳይሰጣቸው ሜዳ ላይ የቀሩም ነበሩ።