ከሎሚው እስከ መድረኩ፤ የፍቅር ኪነት በጥምቀት በዓል

የአንድ ሕዝብ የፍቅር ኪነት በመጻሕፍት ውስጥ ብቻ ተወስኖ አይገኝም። በዘፈኑ፣ በጭፈራው፣ በአለባበሱና በጨዋታው ውስጥ ይኖራል። ብዙ ሕዝቦችም ለዚህ ኪነት በዓመት ውስጥ የታወቀ ቀን ሰጥተውታል። በአማርኛ ተናጋሪው ኅብረተሰብ ዘንድ ይህን ቦታ ከያዙት በዓላት አንዱና ዋነኛው ጥምቀት ነው። በዓሉ በመሠረቱ ሃይማኖታዊ ነው፤ ታቦቱን የሚያጅበው ማሕሌትና ወረብ የቤተ ክርስቲያን ሀብት ነው። ከካህናቱ ክብ ራቅ ብሎ ግን የወጣቱ ሌላ ክብ አለ። በዚያ የሚዘፈነው ስለ ዓይን፣ ስለ አንገት፣ ስለ ወገብና ስለ ናፍቆት ነው።

የዚህ ኪነት መሠረት የምርት ዑደት ነው። በጥር ወር አዝመራው ተሰብስቦ፣ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል። ገበሬው ፋታ ያገኛል፤ ዐቢይ ጾም ሳይገባም የሠርግ ወራት ይሆናል። ስለዚህ ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ጥምቀት፣ ጥር 12 ቃና ዘገሊላ ሲከበር አደባባዩ የትዳር መተያያም ነበር። በቤቷ ተጠብቃ የምትኖር ልጃገረድ ከእኩዮቿ ጋር በይፋ የምትወጣባቸው ቀኖች ጥቂት በመሆናቸው ለእነዚህ ሦስት ቀናት የሚሰጠው ግምት ከፍተኛ ነበር። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ተረትም የመነጨው ከዚሁ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ከየአቅጣጫው የፈለሰው ሕዝብ ጭፈራውንም ይዞ ገባ። ከእንጦጦ ግርጌ ከጉለሌ ተነሥቶ በሽሮ ሜዳ፣ በስድስት ኪሎ በኩል ሲወረድ የሚገኘው ጃንሜዳ የበርካታ አድባራት ታቦታት ማደሪያ፣ የየአገሩ ጭፈራም መገናኛ ሆነ። በአንድ ሜዳ ላይ የጎጃሙ፣ የጎንደሩ፣ የወሎውና የሸዋው እስክስታ፣ የኦሮሞውና የጉራጌውም ጭፈራ ጎን ለጎን ታየ። የከተማው በዓል በዚህ ረገድ ከገጠሩ ተለየ፤ በገጠር የሚጨፍረው የሚተዋወቅ ጎረቤት ሲሆን በከተማ ግን ባዳው ከባዳ ጋር ይጨፍር ነበር።

ጉለሌ ለዚህ በዓል ያበረከተው መንገዱን ብቻ አይደለም። በሽሮ ሜዳ አካባቢ የሰፈሩት የጋሞ ሸማኔዎች የአደባባዩን ውበት በእጃቸው ሠርተዋል። ሴቶች የፈተሉትን ጥጥ ሸማኔው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን አስገብቶ ይሸምነዋል፤ የቀሚሱ ጫፍ፣ የነጠላውም ዳር በጥበብ ይደምቃል። ገላን የሚሸፍነው ልብስ የገላን እንቅስቃሴ ደግሞ ያጎላል። ወገብ ላይ የሚታሰረው መቀነትና በትከሻ ምት የሚርገበገበው ነጠላ ከእስክስታው ተለይተው የሚታዩ አይደሉም። ሆኖም ይህን ውበት ያመረተው ባለሙያ «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ለብዙ ዘመን ተንቋል። ለበዓሉ ቀሚሱን የተመኘው ኅብረተሰብ የሠራውን እጅ ማክበር አልቻለም ነበር።

የበዓሉ የፍቅር ኪነት ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው በሎሚው ነው። ጎረምሳው የወደዳትን ልጅ ከጭፈራው መካከል ለይቶ ሎሚ ይወረውርላታል። ብታነሣው ፈቃዷን መግለጿ ነው፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ ወላጆችና ወደ ሽማግሌ ይሄዳል። ብትተወው ሎሚው መሬት ላይ ይቀራል። የዘፈኑም ጠባይ ይኸው ነው። አውጪው ስንኙን ሲያወርድ ምኞቱን በሰምና ወርቅ ይሸፍናል፤ የተዘፈነላት ልጅ ወርቁን ብትፈልግ ትረዳዋለች፣ ባትፈልግ ሰሙን ብቻ የሰማች መስላ ታልፋለች። በዚህ ዓይነት ምኞት በይፋ ይነገራል፤ እምቢታም ማንንም ሳያዋርድ ይገለጣል። የኪነቱ ጥበብ በመወርወር ብቻ ሳይሆን መልስን በመጠበቅም ላይ የቆመ ነበር።

ይህ ማለት ግን አሮጌው ሥርዓት ለሴቲቱ ነጻነት ሰጥቷት ነበር ማለት አይደለም። ሎሚ ከሚወረወርላቸው ልጃገረዶች ብዙዎቹ በልጅነታቸው በወላጆቻቸው ፈቃድ ታጭተው ነበር። በብዙ የአገሪቱ ክፍሎችም ጠለፋ እንደ ልማድ ይታይ ነበር። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እንኳ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከክስ የሚድንበትን በር ክፍት ትቶ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሴቶችን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ዓመት ከፍ አደረገ። በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግ ደግሞ ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ አድርጎ ያንን በር ዘጋ። በሕግ መጽሐፍ ዘግይቶ የሰፈረው የፈቃድ መርሕ በሎሚው ጨዋታ ውስጥ ለጥቂት ሰዓታትም ቢሆን ቀድሞ ይታይ ነበር።

በሃያኛው ምዕተ ዓመት ኪነቱ ከሜዳ ወደ መድረክ ወጣ። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር፣ ኋላም በ1950ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ክራሩን፣ ማሲንቆውንና እስክስታውን ለተቀማጭ ተመልካች አቀረቡ። አስናቀች ወርቁ በክራሯ ፍቅርን በሴት አንደበት ተናገረች፤ በተውኔቱም ከመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋንያን አንዷ ሆነች። ይህ ታላቅ ለውጥ ነበር። በሜዳው የተዘፈነላት ሴት በመድረኩ ራሷ ዘፋኝ ሆናለችና። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ በየከፍተኛውና በየቀበሌው የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች፣ በ1980 ዓ.ም. በውጭ አገር የዞረው «ሕዝብ ለሕዝብ»ም የየብሔረሰቡን ጭፈራ አሰባስበው አሳዩ።

መድረኩ ግን የሰጠውን ያህል ወስዷል። በሜዳው ስንኙ የሚፈጠረው እዚያው፣ ለአንዲት ለምትታይ ልጅ ነበር፤ በመድረኩ ግን ተጠንቶ ለሁሉም በአንድነት ይቀርባል። በሜዳው ጭፈራው መልስ እስኪያገኝ ይቆያል፤ በመድረኩ በደቂቃ ተለክቶ ያልቃል። ከሁሉ በላይ መልሷ አስቀድሞ ተወስኗል። በመድረክ ላይ ሎሚው ሲወረወር ልጅቷ ሁልጊዜ ፈገግ ብላ ታነሣዋለች።

ጥምቀት በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ላይ ከሰፈረ ወዲህ ከሩቅ የሚመጣው ተመልካች ይበልጥ ትኩረት ሰጥቶታል። ጃንሜዳም በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት የአትክልት ገበያ ሆኖ ከቆየ በኋላ ጸድቶ ለ2013ቱ በዓል ደርሷል። ሜዳውም መዝገቡም አሉ። የቀረው ተግባር የመምህሩና የከያኒው ነው፤ ጭፈራውን ለማጥናት የሚነሣ ሁሉ የሚወረውረውን እጅ ብቻ ሳይሆን የምትመልሰውንም ሴት ሊመዘግብ ይገባዋል። አንዳንድ ጊዜም ሎሚው መሬት ላይ የሚቀርበት ትዕይንት መድረክ ላይ ሊታይ ይገባዋል። የዚህ ኪነት ክብር ያለው እዚያ ነው።