የበሩ ዓይን የማን ነው?

በዚህ ገጽ ስለ ሥልጣንና ስለ ሕግ ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ ስለ ቤት ጥበቃ ካሜራና ስለ መመልከቻው ስክሪን ልጽፍ መነሣቴን ስታዩ «ይህ ሰው ደግሞ ነጋዴ ሆነ እንዴ?» ማለታችሁ አይቀርም። አልሆንኩም። ጉዳዩ ያው የሥልጣን ጉዳይ ነው። ማን ማንን ያያል? የሚለው ጥያቄ ከፖለቲካ ጥያቄዎች ሁሉ አንጋፋው ነውና።

ነገሩ የተጀመረው በእናቴ ቤት ነው። እናቴ አዲስ አበባ ብቻዋን ትኖራለች። ለብዙ ዓመታት ግቢዋን ሲጠብቁ የኖሩት ዘበኛ አርጅተው ወደ ትውልድ አገራቸው ተመለሱ። ብዙም ሳይቆይ የጎረቤት ቤት በሌሊት ተሰበረ። እኔም በምኖርበት በአሜሪካ አራት ካሜራዎች ገዝቼ በመንገደኛ ላክሁ። አንዱ በውጭ በር፣ አንዱ በበረንዳው፣ አንዱ በጓሮ፣ አንዱም ሳሎን ውስጥ ተሰቀለ። የአራቱም ምስል በእኔ ስልክ ይታይ ጀመር። እናቴ ቡና ስታፈላ፣ ስትጸልይ፣ ወንበሯ ላይ እንቅልፍ ሲወስዳት ውቅያኖስ ማዶ ሆኜ አያለሁ። የልጅነት ግዴታዬን የተወጣሁ መስሎኝ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

አንድ ወር ያህል እንደቆየ የሳሎኑ ምስል ነጭ ሆኖ አገኘሁት። ስልክ ደወልሁ።

«እማዬ፣ የሳሎኑ ካሜራ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነ። በነጠላዬ የሸፈንሁት እኔ ነኝ።»

«ለአንቺው ደኅንነት እኮ ነው!»

«ልጄ፣ አንተ እኔን ታየኛለህ። እኔ ግን በሬን የሚያንኳኳውን ሰው አላይም። ታዲያ ጥበቃው ለማን ነው?»

መልስ አጣሁ። ለተማረ ሰው፣ ያውም ስለ መብት ሲጽፍ ለሚውል ሰው፣ ከእናቱ ዘንድ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣበትና መልስ ሲያጣ ያሳፍራል። መልሱን ፍለጋ ወደ ታሪክ ዞርሁ፤ ታሪኩም እንደጠበቅሁት አልነበረም።

በሽቦ ተገናኝቶ ለተወሰኑ ሰዎች ብቻ የሚያሳይ ቴሌቪዥን ጥንተ ልደቱ ከጦርነት ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ጀርመኖች በፔኔሙንደ የቪ-2 ሮኬት ሲተኮስ ከአስተማማኝ ርቀት ለመመልከት ተጠቅመውበታል፤ ሥራውን የመራውም ቫልተር ብሩኽ የተባለ መሐንዲስ ነበር። የዚያን ጊዜው ካሜራ ዓላማ ግልጽ ነበር፤ ሰው ቢቆምበት በሚሞትበት ቦታ ቆሞ ማየት። ወደ ሰው ቤት ደጃፍ ያመጣው ግን ጄኔራልም ኩባንያም አልነበረም። አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ነርስ ነበሩ።

ወይዘሮ ማሪ ቫን ብሪታን ብራውን በ1922 (እ.ኤ.አ.) ተወልደው በ1999 ያረፉ የኒውዮርክ ነዋሪ ናቸው። ቤታቸው ኩዊንስ ውስጥ ጃማይካ በሚባለው ሰፈር ነበር። ባለቤታቸው አቶ አልበርት ብራውን የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ነበሩ። የሁለቱም የሥራ ሰዓት ስለማይገጥም ወይዘሮዋ ብዙ ሌሊት ብቻቸውን ያድሩ ነበር። በሰፈሩ ወንጀል ነበር፤ ፖሊስ ሲጠራ ደግሞ ፈጥኖ አይደርስም። ዘመኑ ጥቁር አሜሪካውያን ስለ ሲቪል መብታቸው አደባባይ የወጡበት የ1960ዎቹ ዘመን መሆኑን ልብ ይሏል። የመንግሥት ጥበቃ ለሁሉም ዜጋ እኩል እንደማይደርስ ለእነርሱ ንግግር ማድረግ አያስፈልግም ነበር፤ በየሌሊቱ የሚያዩት ነገር ነው።

ወይዘሮ ብራውን ግን አልጠበቁም። ነሐሴ 1 ቀን 1966 (እ.ኤ.አ.) ከባለቤታቸው ጋር የፈጠራ ባለቤትነት ማመልከቻ አስገቡ። ታኅሣሥ 2 ቀን 1969 (እ.ኤ.አ.) ቁጥር 3,482,037 የሆነው የባለቤትነት ሰነድ ተሰጣቸው። በሰነዱ እንደተገለጸው በበሩ ላይ አራት ቀዳዳዎች ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል። ከበሩ በስተጀርባ አንድ ካሜራ በሞተር እየታገዘ ወደላይና ወደታች ይንቀሳቀሳል። ረጅም ሰው ቢመጣ በላይኛው ቀዳዳ፣ ሕፃን ቢመጣ በታችኛው ቀዳዳ ያያል። ምስሉ ወደ መኝታ ቤት ወዳለ ስክሪን ይተላለፋል። ማይክሮፎንና ድምፅ ማጉያ ስላለ ከአልጋ ሳይነሡ «ማን ነህ?» ማለት ይቻላል። ወዳጅ ከሆነ በርቀት መቆጣጠሪያ በሩ ይከፈታል፤ ክፉ ከሆነ ደግሞ የማስጠንቀቂያ ደወሉ ይጫናል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። ካሜራው የሚያየው ወዴት ነበር? ወደ ውጭ። ስክሪኑ የተቀመጠው የት ነበር? በባለቤቲቱ አልጋ አጠገብ። ቁልፉስ በማን እጅ ነበር? በእርሳቸው። የማየት፣ የመጠየቅ፣ የመክፈትና የመከልከል ሥልጣን በአንዲት ብቻዋን በምታድር ሴት እጅ ተሰበሰበ። ከዚያ ወዲህ የመጡ በርካታ የቤት ጥበቃ ፈጠራዎች የእርሳቸውን ሰነድ በመነሻነት ጠቅሰዋል። ዛሬ በየበሩ የተሰቀለው ባለካሜራ ደወል የልጅ ልጃቸው ነው ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ የልጅ ልጁ የአያቱን ጠባይ አልወረሰም።

ምክንያቱም በዚያው ዘመን ሌላ መስመር ተሠምሮ ነበር። በ1968 (እ.ኤ.አ.) በዚያው በኒውዮርክ ግዛት የምትገኘው ኦሊያን የተባለች ትንሽ ከተማ በዋናው የንግድ ጎዳናዋ ላይ የፖሊስ ካሜራዎች ተከለች፤ በአሜሪካ ይህን በማድረግም የመጀመሪያዋ እንደሆነች ይነገርላታል። የብራውን ካሜራ ከቤት ወደ ውጭ ያይ ነበር፤ የኦሊያን ካሜራ ግን ከላይ ወደ ታች ያያል። በመጀመሪያው ዜጋው ተመልካች ነው፤ በሁለተኛው ዜጋው የሚታየው ነው።

ሁለተኛው መስመር እንዴት እንደሰፋ የብሪታንያ ታሪክ ይነግረናል። የካቲት 12 ቀን 1993 (እ.ኤ.አ.) በሊቨርፑል አቅራቢያ በቡትል ከተማ ጄምስ በልጀር የተባለ የሁለት ዓመት ሕፃን ከገበያ ማዕከል ተወስዶ ተገደለ። ሕፃኑ በሁለት ልጆች እጁን ተይዞ ሲወጣ የገበያ ማዕከሉ ካሜራ ቀርጾታል። ያ ደብዛዛ ምስል በመላ አገሪቱ ታየ፤ ሕዝቡም አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ለጎዳና ካሜራ የሚመደበው የመንግሥት ገንዘብ በዛ። ነገር ግን መራራው እውነት ይህ ነው፦ ካሜራው አየ እንጂ አላደረሰም። ስክሪን ፊት ተቀምጦ በዚያች ደቂቃ የሚነሣ ሰው ከሌለ ካሜራ ምስክር ይሆናል እንጂ ጠባቂ አይሆንም። አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

በቴክኒኩ በኩል ነገሩ በፍጥነት ተለወጠ። የጥንቱ ካሜራ በመስታወት ቱቦ የሚሠራ፣ ግዙፍና ውድ ነበር። ወይዘሮ ብራውን ሰነዳቸውን በተቀበሉበት በዚያው በ1969 ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ በቤል ላብራቶሪ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጠውን ሲሲዲ የተባለ ቁራጭ ፈለሰፉ፤ በ2009 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ካሜራ የጣት ያህል ወደ መሆን የሄደው በዚህ መንገድ ነው። በ1996 ደግሞ አክሲስ የተባለው የስዊድን ኩባንያ በኮምፒውተር መረብ በቀጥታ የሚሠራ ካሜራ ለገበያ አቀረበ። ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ከቤቱ መራቅ ጀመረ። ከአልጋ አጠገብ ተነሥቶ ወደ ስልክ፣ ከስልክም አልፎ ወደ ኩባንያ ኮምፒውተር ተሻገረ።

መዘዙም ታየ። በጥቅምት 2016 (እ.ኤ.አ.) ሚራይ የተባለ ተንኮል አዘል ፕሮግራም ከፋብሪካ የወጡበት የይለፍ ቃል ያልተለወጠላቸውን ካሜራዎችና መቅረጫዎች በገፍ እየማረከ እንደ ጦር ሠራዊት አዘመታቸው። ትዊተርና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ገጾች ለሰዓታት ተስተጓጎሉ። ቤት እንዲጠብቅ የተገዛ ካሜራ ባለቤቱ ሳያውቅ ወንበዴ ሆኖ ዋለ ማለት ነው። በግንቦት 2023 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ሪንግ የተባለውን የአማዞን ኩባንያ ሠራተኞቹ የደንበኞችን የግል ቪዲዮ እንዲያዩ ፈቅዷል ሲል ከሰሰው፤ በመኝታ ቤትና በመታጠቢያ ቤት የተቀረጹ ሴቶች ምስል ጭምር። ኩባንያው 5.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ከደጃችንም አልራቀም። በቻይና ገንዘብ ተሠርቶ በ2012 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ላይ የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ መረጃ በየሌሊቱ ወደ ሻንጋይ ይላክ ነበር ሲል ለሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ በጥር 2018 ዘገበ። ቻይናም የኅብረቱ ባለሥልጣናትም አስተባበሉ። በታኅሣሥ 2020 ደግሞ የሮይተርስ የዜና ወኪል የኅብረቱ የጥበቃ ካሜራዎች ምስል በጠላፊዎች ሲቀዳ መገኘቱን ጻፈ። የአንድ አህጉር መሪዎች የሚሰበሰቡበት ግቢ ካሜራ ለማን እንደሚያይ አጠያያቂ ከሆነ፣ የእናቴ ሳሎን ምን ዋስትና አለው?

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ መታየት ተራ ነገር አይደለም። በጥንቱ ዘመን ሌባ ሻይ የሚባል ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ዕዳ ይከፍላል። ንጹሕ ሰው በልጁ መውደቅ ብቻ ተፈረደበት። ኋላም በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ ቀበሌ ተቋቋመ። ቀበሌ የመኖሪያ ጉዳያችንን እንዲያስፈጽም የተባለ ማኅበር ነበር፤ በቀይ ሽብር ጊዜ ግን በየቤቱ ማን እንደገባና ማን እንዳደረ የሚቆጥር ዓይን ሆነ። እናቴ ያን ጊዜ ወጣት ነበረች። ግድግዳ ጆሮ አለው የሚለው ነገር ለእርሷ ተረት አይደለም። ነጠላዋን ካሜራው ላይ ስትጥል የሸፈነችው የልጇን ዓይን ብቻ እንዳልነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ታዲያ ካሜራ ይቅር ልል ነው? አይደለም። ሌባ አለ፤ ብቸኛ እናትም አለች። ነገር ግን ስንገዛ የምንጠይቀውን እንለውጥ። ነጋዴው ስለ ሜጋፒክስል ይነግረናል። እርሱም ጥቅም አለው። የማይታወቅን ሰው ፊት ለይቶ ለማወቅ በአንድ ሜትር ስፋት 250 ፒክስል ያህል ያስፈልጋል፤ አግድሙ 1920 ፒክስል የሆነ ካሜራ ይህን የሚያሟላው ከ8 ሜትር በማይበልጥ ስፋት ላይ ነው። ስለዚህ ግቢውን ሁሉ በአንድ ካሜራ አያለሁ የሚል ሰው ሁሉን ያያል፤ ማንንም ግን አይለይም። ካሜራ ከጣሪያ ሥር ሲሰቀል ደግሞ የሚያሳየው ቆብና ፀጉር ነው። በፊት ቁመት አካባቢ ሲሆን ፊት ያሳያል፤ ወይዘሮ ብራውን ለዚህ ነበር አራት ቀዳዳ ያበጁት። ምስሉም ቦታ ይፈልጋል። በሰከንድ 4 ሜጋቢት የሚልክ አንድ ካሜራ በቀን 43 ጊጋባይት ገደማ ይሞላል፤ አራት ካሜራ ያለው ሰው በአንድ ቴራባይት የሚያስቀምጠው ስድስት ቀን የማይሞላ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሦስት ጥያቄዎች ይቀድማሉ። ካሜራው ወዴት ያያል? ስክሪኑ በማን ፊት ነው? ምስሉ የሚቀመጠው በማን ቤት ነው?

ባለፈው ክረምት አገር ቤት ገብቼ ነበር። የሳሎኑን ካሜራ በእጄ ነቅዬ አወረድሁ። የውጭ በሩን ካሜራ ከላይ አውርጄ በሰው ፊት ቁመት አስተካከልሁ። መቅረጫውን በእናቴ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥሁ፤ የፋብሪካውን የይለፍ ቃል ለውጬ አዲሱን እርሷ እንድትመርጥ አደረግሁ። መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ ገዛሁ። ከመቅረጫው በሽቦ የተገናኘ፣ ኢንተርኔት የማይፈልግ ስክሪን በአልጋዋ ትይዩ ሰቀልሁ። የእኔን ስልክ ከመረቡ አወጣሁት።

በዚያ ምሽት በሩ ተንኳኳ። እናቴ ከአልጋዋ ሳትነሣ ስክሪኑን አየችና «የጎረቤት ልጅ ናት፤ ድስት ልትመልስ መጥታ ነው፤ ክፈትላት» አለችኝ። ከፈትሁ። በእርግጥም ልጅቱ ድስት ይዛ ቆማለች።

አሁን ደኅንነቷን ማወቅ ስፈልግ ስልክ ደውዬ እጠይቃታለሁ። የፈለገችውን ትነግረኛለች፤ ያልፈለገችውን ትተወዋለች። መንግሥታትም ኩባንያዎችም «ለደኅንነትህ ነው» ሲሉን ያችን የእናቴን ጥያቄ ብንመልስላቸው መልካም ይመስለኛል።

ቸር ይግጠመን።