የመኪና ጥገና መጽሐፍ ለነጋዴ ምን ያተርፋል? ከኤደን ወደብ እስከ ኪሊማኒ



የመጋቢቱ ዝናብ ሊገባ ሲል ፕሮቦክሴን ለሰርቪስ እዚሁ ኪሊማኒ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ትንሽ አየና፣ "ማማ፣ የታይሚንግ ቤልቱ አልቋል። ካልተቀየረ ሞተሩን ይበላዋል" አለኝ። የጠራው ዋጋ ከሞያሌ ባመጣሁት በርበሬና ሽሮ ያተረፍኩትን ጠራርጎ የሚወስድ ነበር። "ነገ እመለሳለሁ" ብዬ ወጣሁ።

ማታ የእህቴ ልጅ ከመንገድ ዳር መጽሐፍ ሻጮች የገዛውን አሮጌ የቶዮታ ያሪስ ጥገና መጽሐፍ አወጣ። የእኔ ፕሮቦክስና ያሪስ የሞተር ዘመዳሞች ናቸው። የሞተሩን ቁጥር ከመኪናዋ ላይ አንብበን ከገጹ ጋር አስተያየን። ሞተሩ ቤልት የለውም! ቫልቮቹን የሚያዛውረው ሰንሰለት ነው፤ ሰንሰለት ደግሞ እንደ ቤልት በየጊዜው የሚቀየር ዕቃ አይደለም። መካኒኩ ተሳስቶ ይሁን አውቆ ፈጣሪ ይወቀው፤ እኔ ግን መጽሐፉ በአንድ ምሽት ዋጋውን መለሰልኝ።

ከሦስት ወር በኋላ ያው መጽሐፍ ሊያስገድለኝ ነበር። እሱን ከመንገሬ በፊት ግን እንዲህ ያለው መጽሐፍ ከየት እንደመጣ ላውጋችሁ። ታሪኩ ለእኛ ለነጋዴዎች ሩቅ አይደለም።

መነሻው ኤደን ነው፤ የየመኗ ኤደን፣ የኢትዮጵያ ቡናና ቆዳ ከባሕር ማዶ የሚራገፍባት የነበረችው ወደብ። እ.ኤ.አ. በ1965 ጆን ሄይንስ የሚባል የእንግሊዝ አየር ኃይል መኮንን እዚያ ያገለግል ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባው መብራቶቿ እንደ እንቁራሪት ዓይን ያፈጠጡ አሮጌ ኦስቲን ሂሊ ስፕራይት ገዛና አድሰን አለው። የፋብሪካው መጽሐፍ የተጻፈው ለሰለጠነ መካኒክ ስለነበር ለተራ ሰው የሚረዳ አልሆነም። ሄይንስ ካሜራ ገዝቶ ሞተሩን ሲፈቱም ሲገጥሙም ደረጃ በደረጃ ፎቶ አነሳ። በዓመቱ፣ በ1966፣ ያ ሥራ የመጀመሪያው የሄይንስ የጥገና መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ ከ200 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጧል። ዘዴው ቀላል ነው፦ መኪና ግዛ፣ ፍታ፣ መልሰህ ግጠም፣ ያደረግከውን ጻፍ።

እንግሊዞች ለምን ወደዱት? በኮሜርስ ስንማር ወጪን የእጅ ዋጋና የዕቃ ዋጋ ብለን እንከፍል ነበር። በእንግሊዝ አገር ውዱ የመካኒክ ሰዓት ነው። ቅዳሜ በግቢው ውስጥ ራሱ የሚፈታ ሰው ትልቁን ወጪ ያስቀራል። ናይሮቢም አዲስ አበባም ሂሳቡ የተገለበጠ ነው። የጋራዥ ወጪዬን የምጽፍበትን ደብተር ሳገላብጥ አብዛኛው ገንዘብ የሄደው ለዕቃ ነው፤ ለእጅ የከፈልኩት ትንሽ ነው። ስለዚህ "ራስህ ጠግን" የሚለው መጽሐፍ እኛ ዘንድ ሲመጣ የሚያስቀርልን ትንሹን ወጪ ነው። ይህን ቶሎ ባስተውለው ኖሮ ከኋላ የምነግራችሁ ነገር ባልደረሰብኝ።

የእኛ አገር የጥገና እውቀት ደግሞ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ዎልስሌይ መኪና ለአጼ ምኒልክ ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ፣ መኪናዋን የሚያውቅ ባለሙያ አብሮ መጥቶ ነበር። እውቀቱ ከሰው ጋር ገባ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያን መንገድ ሲሠራና ጭነት መኪና ሲያግተለትል ቋንቋውን ጋራዥ ውስጥ ትቶ ሄደ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ቴስታታ፣ ካቻቢቴ የምንላቸው ሁሉ የጣሊያን ቃላት ናቸው። ከተግባረ ዕድ ተምረው የወጡ ባለሙያዎች ነበሩን፤ የሚበዛው መካኒክ ግን ሙያውን ያገኘው ረዳት ሆኖ መፍቻ በማቀበል ነው። በደርግ ዘመን ከሶቪየት የገባችው ላዳ እንኳ አላስቸገረችም። የፊያት 124 ልጅ ናትና የጣሊያን ቃላችን ለእሷም በቃ።

እዚህ ኬንያ ደግሞ ጁዋ ካሊ አለ፤ በጠራራ ፀሐይ የሚሠራ የእጅ ሙያ ማለት ነው። ፉንዲው ቃላቱን የወሰደው ከእንግሊዝኛ ነው፤ ብሬኪ፣ ክላቺ፣ ጊያ፣ ፕላጊ ይላል። እንግዲህ ከሞያሌ ወዲያ ካንዴላ የነበረው ወዲህ ሲሻገር ፕላጊ ይሆናል። መጽሐፉ ከፉንዲው ጋር ያግባባል፤ በሦስት የአማርኛ ቃል ልትጨርሰው የምትችለው የእኛ ሰው ግን ገጹን ገልጦ ግራ ይጋባል።

አሁን ወደ ፍሬኑ። የፍሬን ዘይት መቀየር ነበረበት፤ ቤልቱን ያጋለጥን ጊዜ ልባችን አብጦ ስለነበር እኔና የእህቴ ልጅ ራሳችን ልንሠራው ቆረጥን። መጽሐፉ እንዳለው አንዳችን ፔዳል ረገጥን፣ አንዳችን ማስተንፈሻውን ከፈትን። አረፋው መውጣት ሲያቆምና ፔዳሉ ጠንከር ሲል ጨርሳችኋል ይላል። ጠንከር ሲል መሰለን። በማግስቱ ወደ አርግዊንግስ ኮድሄክ መንገድ ስወጣ ከፊቴ አንድ ቦዳ ቦዳ እናትና ልጅ ጭኖ ቆመ። ረገጥኩ፤ ፔዳሉ ወለል ድረስ ሰመጠ። የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጄ ጎትቼ፣ መሪውን ወደ ጥጉ ሰብሬ ቆምኩ። በእኔና በዚያች ሴት መካከል የቀረው ርቀት አንድ እርምጃ አይሞላም። ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም። እኔ ግን ለረጅም ጊዜ ከመኪናው መውረድ አቃተኝ።

መኪናዋን ያየልኝ በደርግ ጊዜ ወደዚህ የመጡ አንድ አዛውንት መካኒካችን ናቸው። ፔዳሉን ሁለቴ ረገጥ ረገጥ አድርገው፣ "ልጄ፣ አየር አለበት። ዘይት አይጨመቅም፣ አየር ይጨመቃል" አሉኝ። ከዚያ የእህቴን ልጅ አስቀምጠው እግሩን ፔዳሉ ላይ አስደረጉና ደህናው ፍሬን እንዴት እንደሚመልስ አስያዙት። መጽሐፉ አልዋሸም። ነገር ግን "ጠንከር" የሚለውን ቃል እግሩ ለማያውቅ ሰው ነው የጻፈው።

ሌላም ጉድለት አለው። እንግሊዝ አገር የታተመ መጽሐፍ የሚያውቀው እንግሊዝ አገር የተሸጠችውን መኪና ነው፤ እኛ የምንነዳው ከጃፓን አሮጌ ሆኖ የሚመጣውን ነው። ሞተሩ ቢመሳሰልም ሌላው ላይመሳሰል ይችላል። መሪው በግራ ለሆነው ለኢትዮጵያው መኪና ደግሞ አንዳንዶቹ ሥዕሎች የተገለበጡ ናቸው።

ታዲያ ልጣለው? አልጥለውም። ከሂሳቡ እንደምንረዳው የመጽሐፉ ትርፍ ያለው ዕቃ ከመግዛታችን በፊት ነው። ኪሪንያጋ መንገድም ሆነ መርካቶ ሶማሌ ተራ ከመሄዴ በፊት ዕቃው መኪናዬ ላይ መኖሩን አይበታለሁ። ሞተር ሲሞቅ "ቴርሞስታቱን አውጥተን እንጣለው" የሚል ካለ፣ ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በወጉ ሳይሞቅ እየሠራ ነዳጅ እንደሚጨርስ ገጹን አሳየዋለሁ። ቴስታታ ሲታሰር ቡሎኖቹ ከመሃል ወደ ዳር በተራ፣ ኃይሉን በሚለካ መፍቻ መጥበቅ እንዳለባቸው ስለማውቅ አጠገቡ ቆሜ አያለሁ። ፍሬንና መሪ ግን የሚያውቅ ሰው ካልቆመበት አልነካም።

የእህቴ ልጅ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከአዛውንቱ ዘንድ ይውላል። መጽሐፉን ይዞ ይሄዳል፤ በየገጹ ጠርዝ ላይ ካንዴላ፣ ፕላጊ፣ ፍሪሲዮን፣ ክላቺ እያለ በእርሳስ ይጽፋል። አዛውንቱ መነጽራቸውን አድርገው ያርሙታል። ሞያሌ ላይ የምትነዱ ወንድሞችና እህቶች፣ እናንተ ጋ ሌላ ስም ያለው ዕቃ ካለ ላኩልኝ፤ ጠርዙ ላይ ገና ቦታ አለ።