ድርና ማግ፦ ሁለቱም ክር፣ ሥራቸው ግን ለየቅል

እስቲ ቤትዎ ያለውን ጋቢ ያውጡና ጫፉን ይዩት። ተቋጭቶ የተንጠለጠለው ክር ድር ነው። እሱን ከዳር እስከ ዳር እያቋረጠ የሚያልፈው ደግሞ ማግ ይባላል። ሁለቱም ጥጥ ናቸው፤ ታዲያ ለምን ሁለት ስም አስፈለጋቸው?

ነገሩ የሥራ ጉዳይ ነው። ድርን ሸማኔው ወጥሮ ይዘረጋዋል፤ ቀኑን ሙሉ ሲሳብና ሲፋተግ ስለሚውል ከረር ብሎ መፈተል አለበት፤ አለበለዚያ ይበጠሳል። ማግ ግን በመወርወሪያ ስለሚገባ ያን ያህል አይወጠርም። ላላ፣ ወፈር ቢል ችግር የለውም፤ እንዲያውም ጋቢውን የሚያለሰልሰው እሱ ነው።

ድሮ ሁለቱንም እናቶቻችን በእንዝርት ይፈትሏቸው ነበር። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ግን የህንድ ፋብሪካ ክር በወደብ እየገባ መጣ፤ ኋላም አገር ውስጥ ፋብሪካዎች ተከፈቱ። ከፉሪ ብዙም በማይርቀው አለም ገና እንኳ በ2002 ዓ.ም. አይካ አዲስ ሲመረቅ፣ ክር ከመፍተል እስከ ልብስ መስፋት የሚሠራ ነበር። እኩል የተፈተለና የማይበጠስ የፋብሪካ ክር ለድር ተመቸ። ለእንዝርት የቀረላት በአብዛኛው ማግ ሆነ።

ስለዚህ ጋቢ ሲገዙ «ድሩ የምን ነው?» ብቻ አይበሉ። «ማጉስ የእጅ ፈትል ነው?» ብለው ይጠይቁ። ማጉም ወደ ፋብሪካ ከሄደ ለፈታይዋ ምን ይቀርላታል?