የዳሌ ወለል መኮማተር፦ ብርድም ጨብጥም ያልሆነው የወንዶች ሕመም

ሐኪሞች «ፔልቪክ ፍሎር» የሚሉትን እዚህ «የዳሌ ወለል» ብለነዋል። ዳሌ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የውጩን ሥጋ ነው፤ እዚህ የተፈለገው ግን በዳሌ አጥንቶች የታጠረው የውስጥ ጎድጓዳ ነው። በግርጌው ከብልት ሥር እስከ ጭራ አጥንት የተዘረጉ ጡንቻዎች አሉ። ፊኛንና የትልቁን አንጀት ጫፍ ከታች ይደግፋሉ፤ ሽንትና ዓይነ ምድር ይቋጥራሉ፤ ብልት ሲቆም ደሙ ቶሎ እንዳይመለስ ያግዛሉ፤ የዘር ፈሳሽንም እየተኮማተሩ ያስወጣሉ። እነዚህ ጡንቻዎች ቀኑን ሙሉ እንደ ተጨበጠ ጡጫ መላላት ሲያቅታቸው ራሳቸው ያማሉ። ሕመሙ ከእምብርት በታች፣ በብሽሽት፣ በቆለጥ፣ በብልት ጫፍ ወይም በፊንጢጣ ዙሪያ ይሰማል። ሽንት ያጣድፋል፤ ዘር ሲፈስ ያቃጥላል። ሕመሙን እየጠበቀ ወደ አልጋ የሚሄድ ሰው ብልቱ አልቆም ቢለው አያስገርምም።

ስሙ የሚያስፈልገው የለመድናቸው ስሞች ወደ ተሳሳተ መድኃኒት ስለሚመሩ ነው። ብሽሽቱን ያመመው ሰው «ኩላሊቴን» ወይም «ብርድ ነው» ይላል፤ በልቡ ጨብጥ እንዳይሆን ይሰጋል፤ ለሚስቱም ለሐኪምም ሳይነግር ከመድኃኒት ቤት ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ ይገዛል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1995 የፕሮስቴት ሕመምን በአራት ሲከፍል፣ ባክቴሪያ የማይገኝበትንና ከ3 ወር በላይ የቆየውን የዳሌ ሕመም ለብቻው ሦስተኛ ክፍል አደረገው። በፕሮስቴት ሕመም ስም ከሚታከሙት ወንዶች አብዛኞቹ የሚገኙት እዚያ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በ196 ወንዶች ላይ የወጣ ጥናት ደግሞ ለ6 ሳምንት የተወሰደው ሲፕሮፍሎክሳሲን ከማስመሰያ ክኒን ያን ያህል እንደማይሻል አሳየ። «እኔ ግን ወስጄ ተሽሎኛል» የሚል ይኖራል። ሊሆን ይችላል፤ ይህ ሕመም በራሱ ይነሣል፣ ይተኛል፤ መድኃኒቱ የሚገዛውም ብዙ ጊዜ በባሰበት ቀን ነው። በአንጻሩ ሐኪም ጡንቻዎቹን በጣት ሲጫን ብዙ ታማሚ «ያው ሕመሜ ነው» ይላል። እነዚህን ጡንቻዎች በእጅ የማላላት ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2009 ከተራ ማሸት ጋር ሲነጻጸር በተሻላቸው ታማሚዎች ቁጥር 57 በመቶ ለ21 በመቶ በልጧል። ጥናቱ ከ50 የማይበልጡ ወንዶችና ሴቶችን ብቻ የያዘ ስለሆነ ማስረጃው ጠቋሚ ነው እንጂ የመጨረሻ ቃል አይደለም።

ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ያለው ጣርማ በር ላይ ቆሞ ብርድን መካድ ግን ያስቸግራል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው፣ ጣሊያን ዋሻ በፈለፈለበት በዚያ ጉም በማይለየው ገደል አፍ፣ ብርድን የሚወቅስ ሰው ፈጽሞ አልተሳሳተም። በስዊድንና በፊንላንድ የተጠኑ ታማሚዎችም በክረምት እንደሚብስባቸው ተናግረዋል። ልዩነቱ ብርዱ ሕመሙን የሚቀሰቅስ መሆኑ ላይ ነው፤ የሚቀሰቅሰውን ደግሞ የሚያስታግሰው ሙቀት እንጂ አንቲባዮቲክ አይደለም። በዚሁ መንገድ ወደ ደሴ የሚወርድ የጭነት መኪና ሹፌር ለሰዓታት ይቀመጣል፣ ሽንቱን ይቋጥራል፤ ጫት ከቃመ ደግሞ የፊኛው አንገት ስለሚጠብ የሽንቱ ፍሰት ይደክማል። ይህን ሁሉ በብርድ ላይ ብቻ መጫን ለብርዱም ግፍ ነው።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፤ «ጡንቻ ነው» ብሎ እውነተኛ በሽታ ማሳለፍ ያሰጋል። ልክ ነው፤ ስለዚህ ይህ ስም የሚሰጠው ሌላው ከተመረመረ በኋላ ነው። ከደጋው ወደ አዋሽ ሸለቆ ለሥራ ወርዶ ውኃ ውስጥ የዋለ ሰው ሽንቱ ደም ከቀላቀለ መጀመሪያ የሚታሰበው የሽንት ቧንቧ ቢልሃርዚያ ነው። ከብልት የሚወጣ ፈሳሽ ጨብጥን ወይም ክላሚዲያን ያመለክታል፤ ጠጠር፣ ቡአና የፕሮስቴት እጢም አሉ። ስንፈተ ወሲብም የስኳር ወይም የደም ሥር በሽታ የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ የስኳርና የደም ግፊት ምርመራ ቪያግራ ከመግዛት ይቀድማል። ናይትሬት የተባለ የልብ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ቪያግራው ራሱ ሊገድል ይችላል። «ታዲያ ጭንቀት ነው ማለታችሁ ነው?» ለሚል፣ ጭንቀት ጡንቻን ያጠብቃል፤ የጠበቀው ጡንቻ ግን በእጅ የሚዳሰስ ሥጋ ነው።

ሽንትዎ ተመርምሮ ጀርም ካልተገኘ አንቲባዮቲኩን አይድገሙ፤ የዳሌ ጡንቻዬ ይታይልኝ ይበሉ። ለማጠንከር ተብሎ የሚመከረውን ጡንቻ የመጭመቅ ልምምድም አይጀምሩ፤ ለተኮማተረ ጡንቻ ሊያባብሰው ይችላል። ሆድን እየነፉ በዝግታ መተንፈስና ሙቅ ውኃ ውስጥ መቀመጥ ይሻላል። ቆለጥ በድንገት በብርቱ ካመመ ግን ተጠማዞ ሊሆን ስለሚችል፣ ለማዳን ያለው ጊዜ 6 ሰዓት ያህል ነው፤ ከጣርማ በር ደብረ ብርሃን ሆስፒታል መድረስም ጊዜ ይወስዳልና እስኪነጋ አይጠብቁ።