በሶባ የነበረው የስደተኞች ሰፈር

ከጣና የሚወርደው ጥቁር ዓባይ ካርቱም ሊደርስ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው በሶባ በኩል ያልፋል። ወደ ካርቱም የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ብዙውን ጊዜ የሁለቱን ዓባዮች መገናኛ አይቶ ይመለሳል እንጂ ወንዙን ሽቅብ ተከትሎ እስከ ሶባ አይዘልቅም።

ሶባ ጥንት አልዋ የተባለው የክርስቲያን መንግሥት መናገሻ ነበረች። በ10ኛው መቶ ዓመት ወደ ኑብያ የተላከው ኢብን ሱለይም አል አስዋኒ፣ ያማሩ ሕንፃዎችና ወርቅ የበዛባቸው አብያተ ክርስቲያናት እንደ ነበሩባት ጽፏል። ዳሩ ግን በ19ኛው መቶ ዓመት ካርቱም ስትቆረቆር ቀይ ጡቧ እየተነቀለ ለአዲሲቱ ከተማ ግንብ ስለ ዋለ፣ ለጎብኚ የተረፈው ጉብታና የጡብ ስብርባሪ ነው።

ለኢትዮጵያ ታሪክ ግን ሶባ ሌላ ትርጉም አላት። እንግሊዝ በ1931 ዓ.ም. የኢጣሊያን ወረራ እንደ ሕጋዊ ይዞታ ተቀብላ ነበር፤ ኢጣሊያ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ጦርነት ባወጀችባት ጊዜ ግን ትናንት የተረሳው ስደተኛ ዛሬ ተፈላጊ ሆነ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በዚያው በሰኔ ወር ሱዳን ገቡ። ከዚህ በኋላ በሶባ ለኢትዮጵያውያን ስደተኞች የጦር ትምህርት ቤት ተቋቋመ። በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አስተማሪነት በሆለታ ተጀምሮ በወረራው የተቋረጠው ትምህርት፣ በባዕድ አገር በዓባይ ዳር ቀጠለ ማለት ይቻላል፤ ከሆለታ ተማሪዎች አንዳንዶቹ ሶባ ላይ እንደገና ተማሪ ሆነዋልና።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ሰንደቅ ዓላማ መሰቀሉን የማያውቅ ተማሪ ጥቂት ነው። ከኦሜድላ በፊት የነበሩት የሶባ ወራት ግን በአንድ መስመር ይታለፋሉ፤ ይህም አግባብ አይደለም።

በሶባ ከሠለጠኑት መካከል ሙሉጌታ ቡሊና መንግሥቱ ንዋይ ይገኙበታል። ሁለቱም በየተራ የክቡር ዘበኛ አዛዥ ሆኑ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥቱን ሲመራ፣ ሙሉጌታ ቡሊ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከተገደሉት መኳንንት አንዱ ሆነ፤ መንግሥቱም በዚያው ዓመት በመጋቢት በስቅላት ተቀጣ። በስደት አንድ ትምህርት የተማሩ ሰዎች ከሃያ ዓመት ያህል በኋላ እንዲህ መለያየታቸው፣ በድል ቀን ንግግሮች እምብዛም አይነሣም።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ስለ ተነሣ፣ ሶባን ለተማሪ ማሳየት ለጊዜው በካርታ ነው። ጣትን ከባሕር ዳር አስነሥቶ ዓባይን መከተል፣ ካርቱም ሊደርሱ ጥቂት ሲቀር መቆም ነው።